ስለ ወላጆች ጭንቀት በወረርሽኝ ጊዜ

1. ስለ ከተማይቱ

ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ ዓለም ጤና የምትባል ከተማ አለች። እርስዋም በምሥራቅ ሸዋ የቦራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእርስዋ በስተ ደቡብ መቂ ትገኛለች፤ ከመቂም ቀጥላ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ባቱ አለች። በስተ ሰሜን ያለችው ሞጆ ናት፤ ከሞጆም ወደ ምሥራቅ የታጠፈ መንገደኛ አዳማ ይደርሳል።

አገሩ ስምጥ ሸለቆ ነው። ፀሐዩ ይበረታል፤ በበጋም ነፋሱ አቧራ ያነሣል። ሰዎቹ ጤፍና በቆሎ ይዘራሉ፤ ውኃ ባለበትም ስፍራ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላሉ። በመንገዱ ላይ ቀንና ሌሊት አውቶቡስና የጭነት መኪና ያልፋል። ስለዚህ ብዙ ቤተ ሰብ የሚኖረው ከእርሻው ፍሬና ከመንገደኛው በሚያገኘው ገንዘብ ነው።

የከተማይቱ ስም ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ እነርሱም ዓለምና ጤና ናቸው። ስምዋን የሚጠራ ሰው ሁሉ ሳያስበው ለዓለም ጤናን የሚመኝ ይመስላል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ዓለም ጤናን አጣ። በዚያም ጊዜ በዚህ አገር ባሉ ቤቶች የደረሰው ነገር ለልጆች ሁሉ ትምህርት ይሆናል።

2. ስለ በሽታው

በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. በቻይና አገር ውሃን በምትባል ከተማ አዲስ በሽታ ተሰማ። ስሙ ኮቪድ 19 ተባለ፤ ሕዝቡ ግን ኮሮና ይለው ነበረ። በሽታው ሰው ሲያስል፥ ሲያስነጥስና ሲናገር ከአፍና ከአፍንጫው በሚወጣ እጅግ ጥቃቅን ነጠብጣብ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ብዙዎች ታመው ይድናሉ፤ ሽማግሌዎችንና አስቀድሞ ሌላ ሕመም ያለባቸውን ግን አብልጦ ይጐዳል። አንዳንዱም ሰው ራሱ ምንም ሳይሰማው በሽታውን ለሌላው ያስተላልፋል።

መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ይህ በሽታ ወረርሽኝ ሆኖ ዓለምን እንዳዳረሰ አስታወቀ። ወረርሽኝ ማለት በአንድ ጊዜ ብዙ ሕዝብ የሚይዝ ተላላፊ በሽታ ማለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፥ መጋቢት 4 ቀን፥ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ በአዳማ ከተማ ሕመምተኞች ተገኙ።

መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች በቤታቸው ቀሩ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ በአንድ ስፍራ እንዳይሰበሰብ፥ ሰዎችም ለሰላምታ እንዳይጨባበጡ ተከለከለ። የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ከወንበራቸው በግማሹ ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ። ደግሞም አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፥ ኪራይም እንዳይጨምር ታዘዘ። ወረርሽኝ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ጓዳንም ይመታልና።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ የረመዳንም ጾም በዚያው ወር ገባ። ነገር ግን ዘመድ እንደ ልማዱ በአንድ ገበታ አልተሰበሰበም። ጎረቤት ለቡና አልተጠራራም። ለቅሶ ቤት ሄዶ ማጽናናት እንኳ የሚያስፈራ ሆነ። በደስታና በሐዘን አብሮ መሆንን ለለመደ ሕዝብ ይህ ብቻውን ታላቅ ጭንቅ ነበረ።

3. ጭንቀት ምንድር ነው?

አንድ እረኛ በምሽት ጅብ ቢያይ ልቡ በኃይል ይመታል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ጡንቻዎቹም ይወጠራሉ። ይህ ክፉ ነገር አይደለም። አካሉ እንዲሮጥ ወይም በበትሩ እንዲከላከል እየተዘጋጀ ነው። ጅቡ ከሸሸ በኋላ ልቡ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እረኛውም ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ነገር ግን በዓይን የማይታይ በሽታ እንደ ጅብ በበትር አይባረርም። ብድርም፥ የቤት ኪራይም፥ የልጆች ረኃብም በአንድ ሌሊት አይሸሹም። ስለዚህ የአባትና የእናት አካል ቀኑን ሁሉ፥ ወሩንም ሁሉ እንደ ተወጠረ ይቈያል። ይህ ጭንቀት ይባላል።

ጭንቀት ሲሰነብት እንቅልፍ ይጠፋል፤ ምግብ አይጥምም፤ ራስ ይከብዳል። ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥት ያልቃል። አስቀድሞ የማያስቈጣ ጥቂት ነገር፥ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ወይም እንደ ልጅ ጩኸት ያለ፥ ታላቅ ቍጣ ያስነሣል። በዚያን ጊዜ ቍጣው የሚወርደው ባስጨነቀው ነገር ላይ አይደለም። በሽታውን መምታት አይቻልም፤ ብድሩንም መምታት አይቻልም። ስለዚህ ቍጣው በአቅራቢያው ባለውና በደካማው ላይ ይወርዳል። እርሱም ብዙ ጊዜ ልጅ ነው።

ይህ በአንድ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. እንዳስታወቀው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት የጭንቀትና የድባቴ ሕመም በዓለም ሁሉ በ25 ከመቶ ጨምሮ ነበረ። ድባቴ ማለት ልብን የሚያጨልም፥ የሥራና የኑሮ ፍላጎትን የሚያጠፋ፥ ለብዙ ቀን የማይለቅ ከባድ ሐዘን ነው።

4. የሽንኩርት ነጋዴው ቤት

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ቤት በምሳሌ ይታይ። በዓለም ጤና ከተማ በመንገድ ዳር አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ይኖራል እንበል። ሽንኩርቱን ከገበሬዎች ገዝቶ በአዳማ ላሉ ሆቴሎችና ለአውቶቡስ መንገደኞች ይሸጣል። ሚስቱ በደጃፍዋ ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። አንዲት የ14 ዓመት ሴት ልጅና አንድ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ አሉአቸው። የነጋዴው እናትም አብረው ይኖራሉ።

ወረርሽኙ ከመምጣቱ ጥቂት ቀን በፊት ነጋዴው ገንዘብ ተበድሮ ብዙ ሽንኩርት ገዝቶ ነበረ። ከዚያ በኋላ በአዳማ ስብሰባ ቀረ፤ ሆቴሎቹም ባዶ ሆኑ። አውቶቡሶች ግማሽ ወንበር ጭነው ሳይቆሙ ያልፉ ጀመር። ሽንኩርቱ በመጋዘን ውስጥ ይበሰብስ ጀመር። ነጋዴው ግን ስለ ብድሩ ለማንም አልተናገረም። ወንድ ልጅ ችግሩን በሆዱ ይይዛል ብሎ ያስብ ነበርና።

ማታ ማታ ራዲዮ ይከፍታል፤ የታመሙትንና የሞቱትን ቍጥር ይሰማል፤ ራዲዮውንም ዘግቶ ዝም ይላል። ሚስቱ ብትጠይቀው፥ «ምንም የለም» ይላታል። እርስዋም የእርሱን ዝምታ ፈርታ ዝም ትላለች። በአንድ ጣራ ሥር ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ይጨነቁ ነበረ፤ ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ልጁ ከቤት እንዳይወጣ የታዘዘውን ረስቶ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲጫወት ዋለ። ወደ ቤት ሲገባም ለእጅ መታጠቢያ የተቀመጠውን ጀሪካን ገፍቶ ውኃውን አፈሰሰው። በዚያኑ ሰዓት አያቱ በጓዳ ሆነው ያስሉ ነበረ። አባቱ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ልጁን በጥፊ መታውና በታላቅ ድምፅ፥ «አያትህን የምትገድላት አንተ ነህ!» አለው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ልጁ ተለወጠ። ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ገበታ መቅረብ ተወ። በየጧቱ ለአያቱ የፊት መታጠቢያ ውኃ ያቀርብ ነበረ፤ ያንንም ተወ። ሌሊት ሌሊት ሁሉ ሲተኛ ቀስ ብሎ ይወጣና በሽንኩርቱ መጋዘን ውስጥ በጆንያ ላይ ይተኛ ነበረ። አባቱ ልጁ አኵርፎ እንደ ሆነ አሰበ። ልጁ ግን አላኰረፈም። በሽታው በእርሱ ውስጥ እንዳለ አምኖ፥ አያቱን ላለመግደል ይሸሽ ነበረ።

5. አያቲቱ የተናገሩት

በሦስተኛው ሌሊት እኅቱ አልጋው ባዶ መሆኑን አየችና ፈልጋ በመጋዘኑ አገኘችው። እርሱም እያለቀሰ ያሰበውን ሁሉ ነገራት። እርስዋ ብልህ ልጅ ነበረችና ነገሩን አልሰወረችም፤ ሲነጋ ለአያትዋ ነገረች።

አያቲቱ ልጃቸውን ብቻውን ጠርተው፥ «ልጄ፥ የምትቈጣው በማን ላይ ነው?» ብለው ጠየቁት።

እርሱም፥ «በልጁ ነው እንጂ፤ አይታዘዝም» አለ።

እርሳቸውም፥ «ባለፈው ዓመትም ኳስ ይጫወት ነበረ፤ ባለፈው ዓመትም ውኃ ያፈስስ ነበረ። ያን ጊዜ ትስቅበት ነበረ። አሁን የተለወጠው ልጁ አይደለም» አሉት።

ነጋዴው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላ ስለ ብድሩና ስለ በሰበሰው ሽንኩርት ሁሉን ነገራቸው፤ ሲናገርም አለቀሰ። አያቲቱም ከእናታቸው የሰሙትን ነገር አወሩለት።

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጽኑ ወረርሽኝ ገብቶ ነበረ። እርሱም በዚያ ዘመን በዓለም ሁሉ ብዙ ሚሊዮን ሰው የጨረሰው የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ነው፤ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎታል። በአዲስ አበባ ብቻ ብዙ ሺህ ሰው ሞተ። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበረ። ሐኪም ጥቂት ነበረ፤ የሚቀብርም ሰው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበው ያቃጥላሉ፤ ይህም ኅዳር ሲታጠን ይባላል።

አያቲቱ እንዲህ አሉ፦ «እናቴ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች። ስንት ሰው እንደ ሞተ አትነግረኝም ነበረ፤ ቍጥሩን አታውቀውም። የምትነግረኝ አባትዋ በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ እጅዋን ይዞ ‹እኔም ፈርቻለሁ፤ ግን አብረን ነን› ይላት እንደ ነበረ ነው። እስክትሞት ድረስ ያልረሳችው ይህን ነው። የአንተም ልጅ ከዚህ ዘመን የሚያስታውሰው ኮሮናን አይደለም፤ አንተ የተናገርኸውን ቃል ነው።»

6. ሸክሙ እንዴት እንደ ተከፈለ

ነጋዴው ወደ መጋዘኑ ሄደ። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ እንዲህ አለው፦ «ያን ቃል የተናገርሁት ከፍርሃት የተነሣ ነው። ቃሉ እውነት አልነበረም። አያትህን የምትገድል አንተ አይደለህም። ውጭ መዋልህ ስሕተት ነበረ፤ እኔ ግን መምታቴ የባሰ ስሕተት ነው። ይቅር በለኝ።»

ልጁም፥ «አባባ፥ አያቴ ትሞታለች?» ብሎ ጠየቀ።

አባቱ ሊዋሸው አልወደደም፤ ሊያስፈራውም አልፈለገም። «አላውቅም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ እንጠይቃለን» አለው።

በዚያ ዘመን ስለ በሽታው ለመጠየቅ 8335 የሚባል ነፃ የስልክ ቍጥር ነበረ። ወደዚያ ደውለው የታዘዙትን አደረጉ። አያቲቱም ተመርምረው ሳላቸው ከአቧራና ከማድ ቤት ጢስ የመጣ መሆኑ ታወቀ።

በዚያው ማታ ነጋዴው ስለ ብድሩ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ገለጠ። ልጆቹ ብድሩን ሊከፍሉ አይችሉም፤ አባታቸው ግን ለምን ዝም ይል እንደ ነበረ አወቁ። ሚስቱ የሻይ ትርፍዋን ቈጥራ ለአንድ ሳምንት የሚበቃውን እህል አሰበች። ሴት ልጂቱ ገና ያልበሰበሰውን ሽንኩርት ለይታ በፀሐይ ማድረቅ እንደሚቻል ተናገረች። ወንዱ ልጅም የጀሪካኑን ውኃ በየጧቱ ሊሞላ ቃል ገባ። በማግሥቱ ነጋዴው ወደ አበዳሪው ሄዶ ጊዜ ለመነ፤ አበዳሪውም እስከ መኸር ድረስ ቀጠሮ ሰጠው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የዚህ ቤት ሸክም ጌጥ አልሆነም፤ ብድሩም ሳይከፈል ብዙ ወር ቈየ። ነገር ግን ሸክሙ ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ በአምስት ሰው ተከፈለ። ቍጣም ጨርሶ አልጠፋም። አባትየው ቍጣው ሲመጣ ግን ወደ ደጅ ወጥቶ እስኪበርድለት ይቈም ነበረ። ልጆቹም፥ «አባባ የቈጣው ነገር እኛ አይደለንም» ማለትን ለመዱ።

7. ስለ እናትየዋ

በቤቱ ሰላም ከሆነ በኋላ እናትየዋ አልተሻላትም። ሌሊቱን ሁሉ ዓይንዋ አይከደንም። ምግብ ትታ ከሳች። ሻይ ስትቀዳ ያለ ምክንያት እንባዋ ይወርድ ነበረ። አንድ ቀንም፥ «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበረ» አለች።

እንዲህ ያለ ቃል በቤት ውስጥ ሲሰማ ችላ ሊባል አይገባም። አንዳንድ ጎረቤት ነገሩን እንድትደብቅ መከራት፤ ሰው እብድ ይልሻል ብሎ ነው። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እግር ቢሰበር ሐኪም ይፈለጋል፤ ልብ በሐዘን ሲሰበርም እንዲሁ ነው። ባልዋ ከእርስዋ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። በዚያም ነርሷ ቃልዋን ሁሉ በትዕግሥት ሰማች፤ ሕመሙ ድባቴ መሆኑን፥ የሚታከምም መሆኑን ነገረቻት፤ በየጊዜውም እንድትመለስ ቀጠረቻት። ባልዋም ሌሊት ብቻዋን አልተዋትም። ክረምቱ ሳያልቅ እንቅልፍዋ ተመለሰ።

በኢትዮጵያ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ሕክምና አለ። በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ሕመሙ ሲጀምር ግን ሩቅ ከመሄድ አስቀድሞ በቅርብ ያለውን የጤና ሠራተኛ ማማከር ይቻላል።

8. ለወላጆችና ለልጆች የሚጠቅም ምክር

ለወላጆች ምክሩ ይህ ነው። የወረርሽኝ ወሬ ቀኑን ሁሉ አይሰማ፤ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከታመነ ስፍራ መስማት ይበቃል። ለልጅ እውነቱ በዕድሜው ልክ ይነገረው፤ ልጅ ያልተነገረውን ነገር በሐሳቡ አስከፊ አድርጎ ይሞላዋልና። የመኝታና የመብል ሰዓት አይለወጥ፤ ሁሉ በተናወጠ ጊዜ የታወቀ ሰዓት ልጅን ያጸናዋል። ቍጣ ሲመጣ እጅ ከመነሣቱ በፊት እግር ወደ ደጅ ይውጣ። የበደለ ወላጅ ልጁን ይቅርታ ቢለምን ክብሩ አይጐድልም፤ ይልቁን ልጁ ከእርሱ እውነትን ይማራል።

የሴቶች ልጆች ትምህርት በችግር ጊዜ አይረሳ። ትምህርት ቤት ለብዙ ወር ሲዘጋ፥ ድህነትም ሲጸና፥ አንዳንድ ወላጅ ልጁን ያለ ዕድሜዋ ሊድር ያስባል። ይህ ሸክምን ማቅለል አይደለም፤ የራስን ሸክም በልጅ ትከሻ ላይ መጫን ነው። በዚያ ዘመን ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበረ። ራዲዮ የሌለው ቤት እንኳ አሮጌ መጽሐፍ እያነበበ ልጁን ከፊደል ሳይለይ ሊያቈይ ይችላል።

ልጆች ሆይ፥ ለእናንተም ምክር አለ። አባትና እናት ዝም ቢሉ ወይም ቢቈጡ ምክንያቱ እናንተ ናችሁ ብላችሁ አትደምድሙ። የፈራችሁትን ነገር በልባችሁ አትቅበሩ፤ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ። በቤት ውስጥ የሚቻላችሁን ጥቂት ሥራ ሥሩ፤ ውኃ መቅዳት፥ ታናሽን ማጫወት፥ ለአያት ተረት ማንበብ ታላቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን የወላጆችን ሸክም ሁሉ ልሸከም አትበሉ፤ ለልጅ የሚበቃ ሸክም የልጅ ሸክም ነው። በቤት ውስጥ ዱላ ቢበዛባችሁ ደግሞ ለአያት፥ ለአጎት ወይም ለአክስት፥ ለመምህር ወይም ለጤና ሠራተኛ መንገር አሳብቆ መክሰስ አይደለም። የአባት ጭንቀት ለቍጣው ምክንያት ይሆናል፤ ልጅን ለመጕዳት ግን ፈቃድ አይሆንም።

9. ወረርሽኙ እንዴት እንዳለፈ

ከጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ ተከፈቱ። ተማሪዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፥ ተራርቀው ተቀመጡ። መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተገኘ ልክ በዓመቱ፥ በኢትዮጵያ የመከላከያ ክትባት መሰጠት ጀመረ። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ለዓለም የአስቸኳይ ጊዜ ሥጋት መሆኑ እንዳበቃ አስታወቀ። በሽታው ግን ከምድር ጨርሶ አልጠፋም። በኢትዮጵያ ከ7 ሺህ 500 በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ መሞታቸው ተመዝግቧል።

በሞቱት ዘመዶቻቸው እስከ ዛሬ የሚያዝኑ አሉ። በሽታው ሳይነካቸው በቤታቸው በተነገረ ክፉ ቃል የቆሰሉም አሉ። በአንጻሩ ደግሞ በዚያ ክፉ ዘመን አባታቸውንና እናታቸውን ከቀድሞ ይልቅ ያወቁ ልጆች አሉ። ልዩነቱ በሀብትና በድህነት ብቻ የመጣ አይደለም። በአንዱ ቤት ፍርሃት ተሰውሮ ቍጣ ሆነ፤ በሌላው ቤት ፍርሃት ተነግሮ ምክር ሆነ።

እጅን መታጠብ በሽታን ከቤት ያርቃል። እውነትን በፍቅር መነጋገርም ጭንቀት በቤት ውስጥ እንዳይነግሥ ያደርጋል። ሁለቱም በየቀኑ የሚደረጉ ሥራዎች ናቸው፤ ለሁለቱም ትንሽ ልጅ እንኳ ይበቃል።

ጥያቄ

1. ዓለም ጤና ከተማ በየትኞቹ ከተሞች መካከል ትገኛለች?
2. በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ የታዘዘው መቼ ነው?
3. የጭንቀት ምልክቶች ምን ምን ናቸው?
4. ልጁ በመጋዘን ይተኛ የነበረው ስለ ምን ነው? አባቱስ ምን መስሎት ነበረ?
5. አያቲቱ ስለ ኅዳር በሽታ የተናገሩት ነገር ለነጋዴው ምን አስተማረው?
6. እኅትየዋ የወንድምዋን ነገር ባትናገር ኖሮ ምን ይሆን ነበረ?
7. እናትየዋ ሕመምዋን ብትደብቅ ኖሮ ምን ይደርስባት ነበረ?